ለ340 አባል እድር የትኛው ዳታቤዝ ያስፈልጋል?

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። የሰፈራችን እድር 340 አባል አለው፣ መዝገቡ እስካሁን በደብተር ነው፣ ጸሐፊው ደሞ አይናቸው ደከመና "አንተ ኮምፒውተር ተምረህ የለ" ተብዬ ዌብ አፕሊኬሽን እየሰራሁላቸው ነው፣ ጃንጎ በሚባለው የፓይተን የዌብ መስሪያ። አባል፣ የሚሸፈን ቤተሰብ፣ ወርሃዊ መዋጮ፣ ቅጣት፣ ለለቅሶ የሚከፈለው ብር፣ ድንኳንና ወንበሩን ማን ወሰደ ምናምን። የተቸገርኩት ዳታቤዙ ላይ ነው፣ ማለትም መዝገቡ የሚቀመጥበት ሶፍትዌር ላይ። አንዱ ጓደኛዬ ሞንጎዲቢ ነው ዘመናዊው ይለኛል፣ ሌላው ፋየርቤዝ አድርገውና ከሰርቨር ጣጣ ተገላገል ይላል፣ ባንክ የሚሰራ አንድ አባላችን ደሞ ስብሰባ ላይ ተነስቶ ኦራክል ካልሆነ ገንዘብ አይታመንበትም አለ። እኔ እስካሁን የምሰራው ጃንጎ ይዞት በመጣው ኤስኪውላይት በሚባል ዳታቤዝ ነው፣ ሁሉም ግን "እሱኮ መለማመጃ ነው" እያሉ ያሸማቅቁኛል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ዩቲዩብ ላይ ንጽጽር ሳይ ከረምኩ፣ አንድ መስመር ኮድ አልጨመርኩም። የቱን ልምረጥ?

መልስ፦ ወንድሜ በመጀመሪያ ዩቲዩቡን ዝጋውና ካልኩሌተር አውጣ። 340 ሰው በዓመት 12 ጊዜ ሲከፍል 4,080 ክፍያ ነው፣ በአስር ዓመት 40,800። አንዱ ክፍያ ማን፣ መቼ፣ ስንት፣ ለየትኛው ወር፣ ማን ተቀበለ ተብሎ ሲመዘገብ መቶ ባይት ያህል ቢይዝ የአስር ዓመቱ ሁሉ ተደምሮ 4 ሜጋባይት አካባቢ ነው፣ ማለትም በስልክህ ያነሳሃት አንድ ፎቶ። የስብሰባው ቀን ሁሉም ተሰልፎ በሦስት ሰዓት ውስጥ ከፍሎ ቢጨርስ እንኳን በደቂቃ ሁለት ክፍያ አይሞላም፣ ዳታቤዝ የሚባል ነገር ደሞ አንድ ክፍያ ለመጻፍ የሚፈጅበት ጊዜ በሚሊሰከንድ ነው የሚቆጠረው። ስለዚ "ይችለዋል ወይ" የሚለውን ጥያቄ እዚጋ ቅበረው፣ የጠሩልህ ሁሉም ይችሉታል።

"መለማመጃ ነው" የምትለዋ ነገር እኔንም ለዓመታት አታላኛለች። ኤስኪውላይትን የጻፈው ሪቻርድ ሂፕ የሚባል አሜሪካዊ ነው፣ በ2000 ነው የወጣው፣ መነሻው ደሞ የአሜሪካ ባህር ኃይል የጦር መርከብ ላይ የሚሰራ ሶፍትዌር ነበር፣ የዳታቤዝ ሰርቨሩ በተዘጋ ቁጥር የሱ ፕሮግራም ኤረር እያወጣ ሲያስቸግረው ለምን ሰርቨር የሌለው ዳታቤዝ አይኖርም ብሎ ነው የጀመረው። አሁን ኪስህ ውስጥ ያለው ስልክ፣ ኮንታክትህም ሜሴጅህም ቴሌግራምህም እሱ ላይ ነው የተቀመጡት። ሰሪዎቹ ራሳቸው በቀን ከመቶ ሺህ ያነሰ ጉብኝት ላለው ሳይት ያለችግር ይሆናል ይላሉ፣ የነሱም ዌብሳይት በሱው ነው የሚሰራው። የእድርህ 340 አባል በሙሉ እያንዳንዱ በቀን መቶ ጊዜ ሪፍሬሽ ቢያደርግ እንኳን 34 ሺህ ነው፣ እዛ አይደርስም (ጡረተኞቹ ሊሞክሩት ይችላሉ፣ ግን አይደርሱም)።

ዋናው ጥያቄ ዳታህ ምን አይነት ነው የሚለው ነው። እስቲ አንድ ነገር ላምጣልህ። ሁለት ወንድማማቾች ሁለቱም የእድራችሁ አባል ናቸው፣ ሁለቱም አባታቸውን በሽፋን አስመዝግበዋል። በሞንጎዲቢ ጓደኛህ እንደሚያስበው ከሰራኸው እያንዳንዱ አባል አንድ ዶክመንት ይሆንና ቤተሰቡ በሆዱ ይገባል፣ ስለዚ እኚ አንድ አባት ሁለት ቦታ ተጽፈዋል፣ አንዱ ጋ ወልደማርያም ሌላው ጋ ወ/ማርያም ተብለው። አባትየው ሲያርፉ ጸሐፊው በታላቅየው ዶክመንት "ሞቷል" ይላል፣ የታናሽየው ዶክመንት ላይ ግን ሰውየው ገና በህይወት አሉ፣ ከስድስት ወር በኋላ ያንኑ ሰው ሁለተኛ ጊዜ የሚቀብር ሰው አይጠፋም። ይሄ ቀልድ አይደለም፣ የእድር ዳኞች የሚጣሉት በዚሁ ነው። ሰንጠረዥ በሆነ ዳታቤዝ ላይ ግን "ሰው" የሚባል ቴብል አለህ፣ አባትየው እዛ አንድ ጊዜ ብቻ ይገባሉ፣ "ሽፋን" የሚባል ሌላ ቴብል ደሞ የትኛው አባል የትኛውን ሰው በምን ዝምድና እንዳስመዘገበ ይይዛል፣ ሁለት መስመር አንድ ሰው። ሲያርፉ አንድ ቦታ ትቀይራለህ፣ የሁለቱም ልጆች ክፍያ ከዛው ይወጣል። በርግጥ ሞንጎም ላይ ለያይተህ ማስቀመጥ ትችላለህ፣ ከ2018 ወዲህ ብዙ ዶክመንት ያቀፈ ትራንዛክሽንም (ለውጦቹ ወይ ሁሉም የሚገቡበት ወይ ምንም የማይገባበት) አለው፣ ግን እንደዛ ካደረግክ ሰንጠረዥ ዳታቤዝ በዙሪያ ጥምጥም እየሰራህ ነው። ሞንጎ መጥፎ ነው አላልኩም፣ የእያንዳንዱ እቃ ዝርዝር የተለያየ የሆነበት ካታሎግ ቢሆን ሌላ ነገር ነው፣ እድር ግን ከአያቶቻችን ጀምሮ የዝምድናና የሒሳብ መዝገብ ነው።

ፋየርቤዝን በተመለከተ፣ ፋየርስቶር የሚባለው ዳታቤዙ በነጻ የሚሰጠው ኮታ በቀን 50 ሺህ ንባብ ነው፣ ደስ ይላል አይደል፣ ግን ንባብ የሚቆጠረው በዶክመንት ነው። ገንዘብ ያዡ የዓመቱን የመዋጮ ዝርዝር አንዴ ሲከፍት 4,080 ንባብ ሄደ፣ 12 ጊዜ ከከፈተ ኮታው አለቀ ማለት ይቻላል። ድምሩን ለብቻ እያስቀመጡ መቀነስ ይቻላል፣ ለዚች ስራ ግን ልፋቱ አይገባኝም። ካለፈ ደሞ ክፍያው በዶላር ካርድ ነው፣ እድሩ የዶላር ካርድ ካለው ለኔም ይንገሩኝ። ኦራክልን ላልፈው ነው፣ ባንክ የሚሰሩት አባል ክፉ አላሰቡም፣ የላይሰንሱ ዋጋ ግን ከድንኳኑ ከወንበሩ ከሳህኑ ሁሉ በላይ ነው።

እና ፍርዴ ይሄ ነው። ቪፒኤስ፣ ማለትም በኢንተርኔት የራስህ ሰርቨር፣ የምትከራይ ከሆነ በኤስኪውላይትህ ቀጥል። አንድ ሰርቨር፣ አንድ ፋይል፣ በቃ። እድሩ የሚከፍልልህ ተራ ሼርድ ሆስቲንግ ከሆነ፣ ያ ሲፓነል የሚባል መቆጣጠሪያ ገጽ ያለው፣ እዛ ማይኤስኪውኤል ወይ ማሪያዲቢ ተዘጋጅቶ ነው የሚጠብቅህ፣ እሱን ተጠቀም፣ አትከራከር። ወደፊት ለብዙ እድሮች ላከራየው የሚል ሐሳብ በሆድህ ካለ ደሞ ከወዲሁ ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ላይ አድርገው፣ ነጻ ነው፣ ጥብቅ ነው፣ ቁጥር በተባለ ቦታ ፊደል አያስገባም። ዳታቤዝ መርጠህ ስትጨርስ ኮድ እየጻፍክ ዳታቤዝ አትቀይር እንጂ ከሦስቱ አንዱን በመምረጥህ አትከስርም። አንድ ክልክል አለ፣ ሪስታርት ባደረገ ቁጥር ዲስኩን የሚያጸዳ የክላውድ ሆስቲንግ ላይ ኤስኪውላይት እንዳታስቀምጥ፣ ጠዋት ስትነሳ ባዶ እድር ነው የምታገኘው።

በኤስኪውላይት ከቀጠልክ የሚነክሱህን ልንገርህ። ፋይሉን ብራውዘር ከሚደርስበት ፎልደር ውጪ አድርገው፣ አለበለዚያ አድራሻውን የገመተ ሁሉ የአባላቱን ስልክና የቤተሰብ ዝርዝር አውርዶ ይሄዳል። ዋል የሚባለውን ሞድ አብራው፣ አንዱ እየጻፈ ሌሎቹ ማንበብ ይችላሉ፣ ጸሐፊ ግን ሁሌም በአንድ ጊዜ አንድ ነው፣ ሌላው ትንሽ ይጠብቅ ዘንድ ታይምአውቱን ከፍ አድርገው። ቁጥር ብለህ ያወጅከው ኮለም ላይ "ሃምሳ" የሚል ጽሁፍ ብታስገባ ዝም ብሎ ይቀበልሃል፣ ጃንጎ ፎርሙ ላይ ይይዝልሃል እንጂ በእጅህ ስትገባ ማንም አይይዝህም። የፎሪን ኪይ ቁጥጥሩም (አንዱ ቴብል የሚጠቅሰው መስመር ሌላው ቴብል ላይ መኖሩን የሚያረጋግጠው) እንደዛው ነው፣ ጃንጎ ያበራዋል፣ በኮማንድ ላይን ከገባህ ግን ጠፍቶ ነው የሚጠብቅህ። ዴሲማል የሚባል አይነት ስለሌለው ብሩን በሳንቲም አድርገህ በሙሉ ቁጥር አስቀምጥ፣ 50 ብር 5000 ሆኖ ይግባ፣ ያኔ የጎደለች አንዲት ሳንቲም ፍለጋ ሌሊት አትቀመጥም። ስልክ ቁጥር ደሞ ቁጥር አይደለም! ጽሁፍ ነው፣ ኢንቲጀር ካደረግከው 09 ላይ ያለችው ዜሮ ትበላለች።

አንድ ሌላ የጃንጎ ነገር፣ ሁሉም ሰው ከኢንተርኔት ኮፒ ሲያደርግ ካስኬድ የምትለዋን ይዞ ይመጣል፣ አባሉ ሲሰረዝ የሱ የሆነ ሁሉ አብሮ ይሰረዛል ማለት ናት። አንድ አባል ሰፈር ቀይሮ ከእድሩ ሲለቅ "ደሊት" ትለዋለህ፣ የስምንት ዓመት መዋጮው አብሮት ይሄዳል፣ ካዝናው ውስጥ ያለው ብርና ኮምፒውተሩ የሚለው ብር አይገጥምም፣ ገንዘብ ያዡ ሌባ ተባለ። ፕሮቴክት አድርገው፣ አባልም አይሰረዝ "የለቀቀ" ተብሎ ምልክት ይደረግበት፣ የተሳሳተ ክፍያም አይጠፋ፣ ማካካሻ መስመር ይጻፍበት፣ ልክ ደብተሩ ላይ ሰርዞ አጠገቡ እንደሚፈርሙት። 12 ወር ውዝፍና ቅጣቱን ባንድ ላይ ስትቀበል ሁሉንም በአንድ ትራንዛክሽን ጠቅልለው፣ መሐል ላይ መብራት ቢሄድ ወይ ሁሉም ገብቷል ወይ ምንም አልገባም፣ ግማሽ የገባ የለም። መብራቱን ደሞ አዳማ ስላለህ አልነግርህም።

ባክአፕ ላይ የራሴን ጉድ ላውራ። የዛሬ ስንት ዓመት ለአንድ መለዋወጫ ሱቅ ሲስተም ሰርቼ ሌሊት ሌሊት ባክአፕ የሚያደርግ ስክሪፕት ተከልኩለት፣ ጠዋት ፎልደሩን ሳይ ፋይሉ በየቀኑ ቀን ተጽፎበት ተደርድሯል፣ ኩራቴን አትጠይቀኝ። ስምንት ወር ቆይቶ ዲስኩ ሞተ። ባክአፑን ስከፍተው ዜሮ ባይት፣ የትናንቱም ዜሮ፣ ያለፈው ወርም ዜሮ። ለካ የዳታቤዙን ፓስዎርድ ራሴ ቀይሬ ስክሪፕቱ ላይ ሳልቀይር ቀርቼ ኖሯል፣ ፋይሉ ይፈጠራል ሆዱ ባዶ ነው። ሱቁ ውስጥ አራት ቀን ተቀምጬ ከደረሰኝ ጥራዝ ላይ መልሼ ጻፍኩት። ስለዚ አንተ ሁለት ነገር አድርግ፣ ሰርቨሩ እየሰራ ፋይሉን ዝም ብለህ ኮፒ አታድርገው፣ ኤስኪውላይት ራሱ የባክአፕ ትእዛዝ አለው በሱ አድርገው፣ ከዛ በወር አንዴ ያንን ባክአፕ ላፕቶፕህ ላይ ከፍተህ የመጨረሻው ከፋይ ማን እንደሆነ እይ። ኮፒውን ቴሌግራም ላይ ለራስህ መላክ የምትወድ ከሆነ (ሁላችንም እናደርገዋለን) በፓስዎርድ ቆልፈህ ላከው፣ የሰው ገመና ነው። ደብተሩንም ቢያንስ ለስድስት ወር ጎን ለጎን እንዲጽፉ አድርግ፣ ጸሐፊው ይሄን ሲሰሙ እንዴት ደስ እንደሚላቸው።

ጥያቄ (ከባህር ዳር)፦ የባህል ልብስ ማዘዣ ዌብሳይት በፒኤችፒና በማይኤስኪውኤል ሰራሁ፣ ላፕቶፔ ላይ አማርኛው ቆንጆ ነው፣ ሆስቲንግ ላይ ስጭነው ግን የደንበኛው ስም ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆነ። ማሪያዲቢ ወይ ፖስትግሬስ ብቀይር ይስተካከላል? ደሞ ስም ስፈልግ አንዳንዱ አይመጣም፣ ጸሀይ ብዬ ስጽፍ ፀሐይ አትገኝም።

መልስ፦ እህቴ ዳታቤዝ አትቀይሪ፣ ማሪያዲቢም የማይኤስኪውኤል ወንድም ነው፣ የመጀመሪያው ሰሪያቸው አንድ ሰው ነው፣ በሁለት ልጆቹ በማይና በማሪያ ስም ነው የሰየማቸው። ያንቺ ችግር ኢንኮዲንግ ነው፣ ማለትም ፊደላት ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚቀመጡበት ስርዓት። የድሮ ማይኤስኪውኤል ሳይነግሩት ላቲን1 የሚባለውን የምዕራብ አውሮፓ ፊደላት ስርዓት ነው የሚጠቀመው፣ የግዕዝ ፊደል ደሞ እዛ ውስጥ የለም። ከስሪት 8 ጀምሮ ነው የግዕዝ ፊደልንም ኢሞጂንም የሚችለውን ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ሳይነግሩት የሚይዘው። ዳታቤዙንም ቴብሉንም ኮለሙንም ወደዛ ቀይሪ፣ ብዙ ሰው የሚረሳት ደሞ ከፒኤችፒ ወደ ዳታቤዙ የሚሄደው ኮኔክሽን ናት፣ እሷም ላይ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 መባል አለበት። ኤምቢ4 የሌለበትን ባዶውን ዩቲኤፍ8 እንዳትመርጪ፣ እሱ እስከ ሦስት ባይት ብቻ ነው የሚይዘው፣ የኛ ፊደል ሦስት ባይት ስለሆነ አማርኛው በደንብ ያልፍና ተስተካከለ ብለሽ ትተኛለሽ፣ ከዛ አንዷ ደንበኛ ትእዛዟ መጨረሻ ላይ የሳቅ ኢሞጂ ታደርጋለች፣ አብዛኛው ኢሞጂ አራት ባይት ነው፣ ትእዛዟ ወይ ኤረር ያወጣል ወይ ከዛች ጀምሮ ይቆረጣል።

የገባውን በተመለከተ መጥፎ ዜና አለኝ። ባርኔጣ ያደረጉ የላቲን ፊደላት ተደባልቀው የሚታዩ ቢሆን ኖሮ ወደ አማርኛ መመለስ ይቻል ነበር፣ ዳታቤዙ ውስጥ ራሱ የጥያቄ ምልክት ሆኖ የተቀመጠው ግን ጠፍቷል፣ ደንበኞቹን ደውለሽ ጠይቂ። መጀመሪያ ግን በፒኤችፒማይአድሚን (ዳታቤዙን በብራውዘር በሚያሳይሽ ገጽ) ገብተሽ እይው፣ እዛ ላይ አማርኛ ሆኖ ከታየሽ ዳታው ደህና ነው፣ ጥፋቱ ኮኔክሽኗ ብቻ ናት።

ፍለጋው ሌላ ጣጣ ነው፣ ፖስትግሬስም አይፈታልሽም፣ ለኮምፒውተሩ ሀ ሐ ኀ ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንደዛው። እኔ የማደርገው ሁለት ኮለም ነው፣ አንዱ ላይ ሰውየው እንደጻፈው ስሙ ይቀመጣል፣ አይነካም፣ ሁለተኛው ላይ ተመሳሳይ ድምጾቹ ሁሉ ወደ አንድ ተጠቃለው ይገባሉ፣ ሃና ሀም፣ ኣና አም ጭምር። የሚፈልገው ሰው የጻፈውን ቃል በዛው ፈንክሽን አሳልፈሽ ሁለተኛው ኮለም ላይ ትፈልጊያለሽ፣ ፍለጋውን የሚያፋጥነውን ኢንዴክስም እሱ ላይ አድርጊ። ፈንክሽኗ ሃያ መስመር አትሞላም። ለደንበኛዋ የምታሳዪው ግን ሁሌም የመጀመሪያውን ይሁን፣ በሐመሩ ሐ የሚጽፍ ሰው ስሙን በሃሌታው ሀ ስታይበት ምን እንደሚሰማው ታውቂያለሽ።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦ እዚህ ላለነው ሰዎች መረዳጃ ማህበር ልጄ የአባላት መመዝገቢያ ሰርቶልናል፣ እግዜር ይስጠው። ግን አንድ አባላችን የተወለዱት ጳጉሜ 6 ቀን 1951 ነው፣ ኮምፒውተሩ 13ኛ ወር የለም ብሎ እምቢ አለ። ልጄ እዚሁ ስለተወለደ አይፈረድበትም፣ ዳታቤዙ መቀየር አለበት ይለኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ ጋሼ፣ አይቀየር። ልጅዎ ይሄን ያንብብ፣ ካላነበበው ያንብቡለት። ቀኑ ዳታቤዝ ውስጥ የሚገባው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ጳጉሜ 6 ቀን 1951 ማለት ሴፕቴምበር 11 ቀን 1959 ነው፣ እሱ ተራ የዴት ኮለም ውስጥ ይቀመጣል፣ ሲጻፍና ሲነበብ ብቻ ወደኛ ይለወጣል። ለዋጩ ዓመቱን ለአራት አካፍሎ ሦስት ሲተርፍ ጳጉሜን ስድስት ቀን ማድረግ አለበት፣ 1951ም እንደዛው ነው፣ ቅርብ ያለው ደሞ 2015 ነበር። ለመሞከር እነዚህን ሁለቱን ያስገባበት፣ እነሱን ካለፈ አብዛኛው ስራ ተሰርቷል።

"የመስከረም መዋጮ" የሚለው ግን ቀን አይደለም፣ የወር ስም ነው፣ መስከረም የሴፕቴምበርና የኦክቶበር ቁራጭ ስለሆነ በፈረንጅ ዴት ካስገባው ሁሌም ይጋጭበታል። ለሱ ዓመት የሚል አንድ ቁጥር ወር የሚል አንድ ቁጥር ለየብቻ ያድርግለት፣ ወሩ ከ1 እስከ 13። ስብሰባ በ8 ሰዓት ካላችሁም ኮምፒውተሩ 14 ሰዓት ብሎ ነው መያዝ ያለበት፣ እሱን እርስዎ አጠገቡ ቁጭ ብለው ያሳዩት።

በዛው ሳለም "ላስት ኔም" የምትለዋን ሳጥን ግዴታ መሆኗን ያንሳት። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ብሎ ሦስት ኮለም ያድርግ፣ ባልና ሚስቱን በላስት ኔም ሊያዛምድ ከሞከረ የማህበሩ ትዳር ሁሉ ይፈርስበታል።